ቤቱን በልጆቹ ስም ባዞረውስ?

ጥያቄ፦

«የ57 ዓመት ሰው ነኝ። ለንደን ውስጥ በሐኪምነት ስሠራ 23 ዓመት ሆኖኛል። ባለቤቴ ፋርማሲስት ናት። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቁ 25፣ ትንሿ 20 ዓመታቸው ነው። የምንኖርበት ቤት ዛሬ 900,000 ፓውንድ ገደማ ያወጣል፤ ሞርጌጁን ጨርሰናል። ባንክና አይሳ (ወለዱ ግብር የማይከፈልበት የቁጠባ ሒሳብ) ውስጥ 180,000 ፓውንድ አለን። የእኔ ጡረታ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ባለቤቴ በግል ድርጅት ስለምትሠራ ጡረታዋ በስሟ የሚጠራቀም ገንዘብ ነው፤ 250,000 ደርሷል። አዲስ አበባም በስሜ ያለ ቤት አለ። በፓውንድ ቢመነዘር 120,000 ይሆናል። እናቴን በየወሩ እረዳለሁ።

በቅርቡ አንድ ባልደረባችን አረፈ። ቤተሰቡ የተጠየቀውን የውርስ ግብር ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ወዳጄ ‹ቤቱን አሁኑኑ በልጆችህ ስም አዙረው፤ እዚያው ኑርበት፤ ሰባት ዓመት ካለፈ ሰባራ ሳንቲም አትከፍሉም› አለኝ። የአዲስ አበባውን ቤት ደግሞ ‹እነሱ የት ያዩታል!› ብሎኛል። ኑዛዜ የለንም። ባለቤቴ ‹ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት ነው› ትላለች። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦

ዶክተር፣ ቤቱን አያዙሩ። ሌላው ይቆየንና መጀመሪያ እዚህ ላይ እንስማማ።

ወዳጅዎ በክፋት አልመከሩዎትም። የሰባት ዓመቱ ነገር እውነት ነው። በሕይወት ሳሉ የሰጡት ስጦታ ሰባት ዓመት ካለፈው ከውርስ ግብር ይወጣል። ስጦታ የሚባለው ግን ሰጥተው የለቀቁት ነገር ነው። ቤቱን በልጆቹ ስም አዙረው፣ ያው ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ዜና ማየት ከቀጠሉ፣ ለግብር ሰብሳቢው ቤቱ ዛሬም የእርስዎ ነው። ሰባት ዓመት ቀርቶ ሃያ ዓመት ቢያልፍ ቆጠራው አይጀምርም። ማምለጫው ለልጆችዎ የገበያ ዋጋ ኪራይ መክፈል ነው። ለፍተው በገዙት ቤት ተከራይ ይሆናሉ ማለት ነው። ልጆቹም ከኪራዩ ላይ የገቢ ግብር ይከፍላሉ።

ነገሩ ባይጠቅምም አይጎዳ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ይጎዳል። ልጅዎ 25 ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ነገ ቤት ልግዛ ማለቱ አይቀርም። የእናንተ ቤት ድርሻ በስሙ ካለ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዛ ሰው የሚሰጠው የስታምፕ ዱቲ (የቤት ግዢ ቀረጥ) ቅናሽ ይቀርበታል። እንዲያውም ሁለተኛ ቤት እንደሚገዛ ሰው ይቆጠርና ከተለመደው ቀረጥ በላይ 5 በመቶ ይጨመርበታል። ነገ አግብቶ ቢፋታ፣ ወይም ነግዶ ቢከስር፣ ንብረቱ ሲቆጠር የእናንተም ጣሪያ አብሮ ይቆጠራል። ቤቱ አንድ ቀን ሲሸጥም፣ ልጆቹ የራሳቸው መኖሪያ አድርገው ካልኖሩበት፣ ከተሰጣቸው ቀን ጀምሮ በጨመረው ዋጋ ላይ የካፒታል ጌይን ግብር ይመጣባቸዋል። በውርስ ቢያገኙት ግን ዋጋው የሚቆጠርላቸው እርስዎ ካለፉበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት የጨመረው ሁሉ ይታለፋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ብዙ ሰው 40 በመቶ ሲባል የንብረቱ ግማሽ ሊወሰድ ያህል ይደነግጣል። 40 በመቶው የሚታሰበው ከነፃው መጠን በላይ ባለው ላይ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሰው 325,000 ፓውንድ ነፃ አለው። ይህ ቁጥር ከ2009 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም፤ እስከ 2031ም እንዲሁ እንዲቆይ ተወስኗል። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልዎት።) ቤቱ እየሮጠ ቁጥሩ ስለቆመ ነው እንደ እርስዎ ያለ ደመወዝተኛ ከሀብታሞች ሰልፍ ውስጥ ራሱን ያገኘው። የኖሩበትን ቤት ለልጅ ወይም ለልጅ ልጅ ካወረሱ ሌላ 175,000 ይጨመርልዎታል። ከባልና ሚስት አንዱ ለሌላው የሚተወው ግብር የለበትም። ቀድሞ የሞተው ሳይጠቀምበት የቀረው ነፃ መጠንም ለቀሪው ይተላለፋል። ስለዚህ ለሁለታችሁ በድምሩ 1,000,000 ፓውንድ ነፃ ነው።

የእናንተ ቤት፣ ቁጠባና የአዲስ አበባው ቤት ሲደመር 1,200,000 ነው። ከአንድ ሚሊዮን የሚተርፈው 200,000፤ ግብሩ 80,000 ፓውንድ። የሚከፈለውም ከሁለታችሁ የኋለኛው ሲያልፍ ነው። የፊተኛው ሲሞት ሁሉም ለቀሪው ከተተወ አንድም ፓውንድ አይከፈልም።

ከኤፕሪል 6፣ 2027 ጀምሮ ግን ሒሳቡ ይቀየራል። ከዚያ ቀን በኋላ ለሚደርስ ሞት፣ ሳይበላ የቀረ የጡረታ ቁጠባ ከውርሱ ጋር ይደመራል። የባለቤትዎ 250,000 ሲጨመር ድምሩ 1,450,000 ሆነ። ግብሩም 180,000። ማንም ምንም ሳይነካ መቶ ሺህ ፓውንድ ጨመረ። እንቅልፍ ማጣትዎ ካልቀረ ለዚህኛው ይጡ።

የእርስዎ ጡረታ ሌላ ዓይነት ነው። እርስዎ ሲያልፉ ለባለቤትዎ በየወሩ የሚከፈል ገቢ እንጂ የተቀመጠ ገንዘብ ስላልሆነ ወደ ውርሱ አይገባም። በሥራ ላይ ሳሉ ቢያልፉ ከጡረታ ዕቅዱ ለቤተሰብ የሚሰጠው ገንዘብም ከአዲሱ ደንብ ውጭ ነው። ሐኪሞች ይህን ሁለቱን እያምታቱ ሲጨነቁ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

የባለቤትዎ ግን የተቀመጠ ገንዘብ ነው። 75 ዓመት ካለፋት በኋላ ከሞተች ልጆቹ ሲያወጡት የገቢ ግብርም ይከፍሉበታል። ከመቶው ፓውንድ 40ው በውርስ ግብር ይሄዳል፤ 60 ይቀራል። ልጅዎ 40 በመቶ የገቢ ግብር የሚከፍል ሰው ከሆነ ከዚያ 60 ላይ 24 ይነሳል። እጁ የሚገባው 36 ነው። አማካሪዎች ለዓመታት «ጡረታውን መጨረሻ ላይ ንኩት» ሲሉ ነበር፤ ያኔ ልክ ነበሩ። አሁን ምክሩ ተገልብጧል። ባለቤትዎ ሥራ ስታቆም ከዚህ ገንዘብ ጀምራ ትብላ። ትጓዝበት፤ ጣሪያውን ታስጠግንበት፤ ለልጆቹ ትስጥበት።

ስለ መስጠት ካነሳን፣ ለደህና ደመወዝተኛ ከሁሉ የሚጠቅመው ደንብ ከሁሉ ያነሰ የሚታወቀው ነው። ከገቢዎ ተርፎ በመደበኛነት የሚሰጡት ገንዘብ ወዲያውኑ ከውርስ ግብር ነፃ ነው። ሰባት ዓመት መጠበቅ የለም። ጣሪያም የለውም። ሦስት ነገር ብቻ ይጠየቃል። ከገቢ ይሁን፤ ከቁጠባ አይሁን። የተለመደ ይሁን፤ የአንድ ቀን ቸርነት አይሁን። ሰጥተውም የኑሮ ደረጃዎ አይውረድ። ለእናትዎ በየወሩ የሚልኩት በዚህ ውስጥ ይገባል። በዕድሜ ወይም በሕመም የእርስዎን እጅ የሚጠብቁ እናት ከሆኑ ደግሞ በቂ መጦሪያቸውን የሚሸፍን ሌላም ነፃነት አለ። ዓመታት ሙሉ ሲልኩ የኖሩት ገንዘብ በሕጉም ቦታ አለው ማለት ነው። የጎደለው መዝገብ ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ደብተር ይግዙ። ኤክሴልም ይሆናል፤ እኔ ግን ደብተር እወዳለሁ፤ የይለፍ ቃሉ አይጠፋም። ለእያንዳንዱ የግብር ዓመት አንድ ገጽ ይስጡ። ዓመቱ የሚጀምረው ኤፕሪል 6 ነው። በግራ በኩል የተጣራ ደመወዝ፣ ወለድ፣ ሌላ ገቢ። በቀኝ በኩል የቤት ወጪ፣ መብራት፣ መኪና፣ ኢንሹራንስ፣ ዕረፍት። ከታች የተረፈው። ከእሱ ሥር የሰጡት፤ ለማን፣ ስንት፣ በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው የባንክ ሒሳብ። ልጆችዎ አንድ ቀን ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚሞሉት «አይኤችቲ 403» የሚባል ፎርም አለ። በውስጡ ያለው ሠንጠረዥ ልክ ይህንኑ ነው የሚጠይቀው። እርስዎ ዛሬ በአሥር ደቂቃ የሚጽፉትን እነሱ ያኔ ከባንክ ወረቀት ክምር ውስጥ ሲለቅሙ ወራት ይፈጅባቸዋል።

ሲጀምሩ ለልጅዎ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። «ከዚህ ወር ጀምሮ ከደመወዜ በየወሩ 500 ፓውንድ እሰጥሃለሁ፤ ወደፊትም ለመቀጠል አስቤያለሁ።» ቀን፣ ፊርማ፣ በቃ። ከዚያ ባንኩ በየወሩ ራሱ እንዲልክ ያዙት። ልማድ መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው።

ሌሎቹ ስጦታዎች ትንንሽ ናቸው፤ ግን አይናቁ። እያንዳንዳችሁ በዓመት 3,000 ፓውንድ ያለ ምንም ጥያቄ መስጠት ትችላላችሁ። ያለፈው ዓመት ካልተነካ ለአንድ ዓመት ብቻ ይሸጋገራል። (ይህ 3,000 ከ1981 ጀምሮ እንዳለ ነው። በዚያን ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ነበር!) ልጅ ሲያገባ እያንዳንዱ ወላጅ 5,000 መስጠት ይችላል።

ልጅዎ ቤት ሲገዛ ለቅድሚያ ክፍያው ከቁጠባው 60,000 ብትሰጡትስ? በዚህ ሐሳብ ከወዳጅዎ ጋር እስማማለሁ። እዚህ ላይ ሰባት ዓመቱ በትክክል ይሠራል፤ ገንዘቡ ከእጃችሁ ወጥቷልና። ሰባቱ ዓመት ሳይሞላ ብትሞቱ የሰጣችሁት ከነፃው 325,000 ላይ ይቀነሳል እንጂ ልጁ መልስ አይባልም። «ከሦስት ዓመት በኋላ ግብሩ እየቀነሰ ይሄዳል» የሚባለውንም ሰምተው ይሆናል። እሱ የሚሠራው ስጦታው ከ325,000 በላይ ሲሆን ለዚያ ትርፍ ብቻ ነው። ለእናንተ አይመለከትም።

ልክ ግን አለው። 57 ዓመት ወጣትነት ነው። አረጋውያን መኖሪያ መግባት ሊመጣ ይችላል፤ ወጪውም ቀላል አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ ወጪውን እንዲሸፍን ብለው ሆን ብለው ንብረትዎን እንዳሸሹ ከጠረጠረም ያሸሹትን እንዳለዎት አድርጎ መቁጠር ይችላል። ልጅ ፊት እጅ ከመዘርጋት ግብር መክፈል ይሻላል፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

ግብሩን በሕይወት ኢንሹራንስ መሸፈንም ይቻላል። ሁለታችሁን አንድ ላይ የሚሸፍንና ከሁለታችሁ የኋለኛው ሲሞት የሚከፍል ውል አለ። ቁልፉ ውሉ «በትረስት» መጻፉ ነው፤ ማለትም ገንዘቡ ከውርሱ ተለይቶ ለልጆቹ በአደራ እንዲያዝ። ካልሆነ የሚከፈለው ገንዘብ ራሱ ውርሱ ውስጥ ገብቶ 40 በመቶ ይነሳበታል። ሲገዙ ይህንኑ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ። ግብሩ ሰው ከሞተበት ወር መጨረሻ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ይከፈል ስለሚባል ጥሬ ገንዘብ በእጅ መኖሩ ልጆቹን ቤት በጥድፊያ ከመሸጥ ያድናቸዋል። እርግጥ የቤቱን ድርሻ በአሥር ዓመት እየከፋፈሉ መክፈልም ይፈቀዳል፤ ወለድ ግን አለው።

አሁን ወደ አዲስ አበባው ቤት። «የት ያዩታል» ለሚለው መልሴ አንድ ነው፤ ፎርሙን የሚሞሉት እርስዎ አይደሉም። ልጅዎ ነው። ውጭ አገር ያለ ንብረት የሚጻፍበት ራሱን የቻለ ገጽ አለ። ልጅዎ እዚያ ላይ «የለም» ብሎ ይፈርም ይሆን? በሁለት ዓመቱ ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ለንደን ወዳለ ባንክ ሲያስገባ «ከየት መጣ?» ሲባል ምን ይመልሳል? ቅጣቱ በእሱ ላይ ነው የሚወድቀው።

ቤቱ ደግሞ ይታሰባል። ከኤፕሪል 6፣ 2025 ጀምሮ ጥያቄው ተቀይሯል። ድሮ «አገሬ ኢትዮጵያ ነው፤ አንድ ቀን እመለሳለሁ» ማለት ክብደት ነበረው። አሁን የሚታየው የኖሩበት ጊዜ ነው። ካለፉት 20 የግብር ዓመታት 10ሩን ብሪታንያ የኖረ ሰው በዓለም ዙሪያ ባለው ንብረቱ ሁሉ ይታሰብበታል። እርስዎ 23 ዓመት ሆኖዎታል። ጡረታ ወጥተው ጠቅልለው አገር ቤት ቢገቡም ለረጅም ጊዜ ለኖረ ሰው ይህ ግዴታ ለ10 ዓመት ይከተለዋል። የለንደኑ ቤት ደግሞ የትም ይኑሩ የትም አይለቅዎትም።

እኔን በዚህ ቤት የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ኑዛዜ ቢሞቱ ባለቤትዎ ብዙም አትጎዳም። የለንደኑ ቤት የጋራ ከሆነና አንዳችሁ ስትሞቱ በቀጥታ ለቀሪው በሚያልፍበት መንገድ ከተመዘገበ የእሷ ይሆናል። ከሌላው ንብረትም ሕጉ መጀመሪያ 322,000 ፓውንድ፣ ከዚያም የቀሪውን ግማሽ ለእሷ ይሰጣል። የአዲስ አበባው ቤት ግን የሚተዳደረው በኢትዮጵያ ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ (ይቺን ብቻ በእኛ አቆጣጠር ጻፍኩ) ያለ ኑዛዜ ለሞተ ሰው ሚስት ወራሽ አይደለችም። በትዳር ውስጥ የተገዛ ከሆነ ግማሹ ከመነሻውም የእሷ ነው፤ የእርስዎን ግማሽ ግን የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው። ከጋብቻ በፊት ያገኙት ወይም የወረሱት ከሆነ ለእሷ አንዲት ክፍል አይደርሳትም። በስምዎ ያለው ከመቼ ጀምሮ ነው? ዛሬ ማታ ካርታውን አውጥተው ቀኑን ይዩ።

ቤቱን በውክልና የሚያስተዳድርልዎት ሰው ካለም ይህን ይወቁ። ውክልናው እርስዎ በሞቱ ቀን አብሮ ይሞታል። ወንድም ይሁን እህት፣ ከዚያ ቀን በኋላ ኪራይ መቀበልም መሸጥም አይችሉም።

ስለዚህ ሁለት ኑዛዜ እመክራለሁ፤ አንድ ለብሪታንያው ንብረት፣ አንድ ለኢትዮጵያው። የብሪታንያው ሁለት ምስክሮች ይፈልጋል። ሁለቱም አንድ ላይ ሆነው እርስዎ ሲፈርሙ ማየት አለባቸው። የሚወርስ ሰው ወይም የወራሽ ባል ወይም ሚስት ምስክር ከሆነ ውርሱን ያጣል። የኢትዮጵያው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ከሆነ በእርስዎና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ሁለቱን ኑዛዜዎች የሚጽፉት ጠበቆች አንዱ ስለ ሌላው ማወቅ አለባቸው። የእንግሊዝ ጠበቆች ከመጀመሪያው መስመር ላይ «ከዚህ በፊት ያደረግኳቸውን ኑዛዜዎች ሁሉ ሽሬአለሁ» የምትል ዓረፍተ ነገር ከልማድ ይጽፋሉ። ያቺ አንድ መስመር የአዲስ አበባውን ኑዛዜ ልትገድለው ትችላለች። «በኢትዮጵያ ያለውን ንብረቴን የሚመለከተውን ሳይጨምር» የሚል ይግባበት።

ለበጎ አድራጎት የመተው ሐሳብ ካላችሁ በዚያው ይነሳ። ግብር ከሚታሰብበት የውርሱ ክፍል 10 በመቶውን ለተመዘገበ ድርጅት ለተወ ሰው የግብሩ መጣኔ ከ40 ወደ 36 በመቶ ይወርዳል።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን ስለ ግብር አላወራትም። የአዲስ አበባውን ቤት ነገር ብቻ እነግራታለሁ፤ ያለ ወረቀት ወራሽ እንዳልሆነች። ደግሞ ፋርማሲስት ናት። ቤት ውስጥ የትኩሳት መድኃኒት ማስቀመጥ ትኩሳትን መጥራት እንዳልሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የጡረታ ገንዘቧ ለማን እንደሚሰጥ የሚሞላውን ቅጽም በዚያው ቀን ታድሰው። ብዙ ሰው ሥራ በጀመረበት ሳምንት ሞልቶት ዞር ብሎ አያየውም። የሟች እናቱ ስም እዚያው እንዳለ ያለበት ሰው አውቃለሁ።

ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ ሁለታችሁም ሂዱ። ከላይ የጻፉልኝን ቁጥሮች በአንድ ገጽ፣ ካርታውንና የጡረታ ወረቀቶቹን ይዛችሁ። ኑዛዜው ተፈርሞ ከመጣ በኋላ ፎቶኮፒ ላንሳ ብለው ስቴፕሉን አይንቀሉት። ቀዳዳው ከታየ ኑዛዜ የሚያጸድቀው መዝገብ ቤት «ከዚህ ጋር ተያይዞ የነበረ ሌላ ወረቀት የት አለ?» ብሎ ልጆችዎን ይጠይቃል። የማውቀው አንድ ቤተሰብ የአባታቸውን ኑዛዜ ያገኙት ከአራት ወር ፍለጋ በኋላ ቁም ሣጥን ላይ በተሰቀለ አሮጌ ሻንጣ ውስጥ ነው። እናንተ የምታስቀምጡበትን ቦታ ለሁለቱም ልጆች ንገሯቸው። ደብተሩንም እዚያው።